ሽፋኑን የእህቴ ክንድ ላይ አትፈትኑት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን፣ ለድሬዳዋና ለሐረሪ ጤና ቢሮዎች፣ ለሐረማያና ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ እንደኔ ዳያሊሲስ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብላችሁ ለምትጠብቁ አስታማሚዎችም ጭምር።

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ምኖረው፣ 17 ዓመት ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ ሰርቻለሁ፣ አሁን ከፊራ ገበያ አጠገብ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ጨርቅ አውቃለሁ፣ ክር አውቃለሁ፣ አንድ ጨርቅ ሲጎተት ከየት ጋ እንደሚተረተር ገና ሳየው አውቀዋለሁ፣ ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ታላቅ እህቴ ክንድ ውስጥ የገባው ግራፍት የሚባል፣ ውስጡ ሽፋን የተቀባ ሰው ሰራሽ የደም ቧንቧ የጨርቅ ዘመድ መሆኑ ነው።

እህቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትተኛለች። መጀመሪያ አንጓዋ ላይ ፊስቱላ ተሰራላት፣ ማለት የራሷን ደም ወሳጅና ደም መላሽ አገናኝተው ደም መላሹ እስኪወፍር መጠበቅ ነው፣ ወር ሁለት ወር ጠበቅን፣ አልወፈረም። ከዛ በፊት ስትታመም ሁለቱም እጆቿ ላይ ግሉኮስ ምናምን ሲሰካ ሲነቀል ደም ስሮቿ አልቀው ነበር፣ ያኔ "ይሄን እጅ አትንኩት፣ ለኋላ ያስፈልጋታል" የሚል ሰው አልነበረም (ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ዘመድ ያላችሁ ይሄን ዛሬውኑ ያዙልኝ፣ መርፌ የእጅ ጀርባ ላይ ይሁን፣ ክንዱ ላይ አይሁን በሉ)። በቃ ግራፍት ያስፈልጋል ተባለ። ከክርን አጠገብ ካለው ደም ወሳጅ ተነስቶ ክንዷ ውስጥ ቆዳ ስር እንደ ዩ ፊደል ዞሮ ደም መላሹ ላይ የሚገጥም፣ ውስጡ 6 ሚሊሜትር የሆነ ሰው ሰራሽ ቧንቧ።

ሲሰራላት እጄን አስነካችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ቆዳዋ ስር ይርገበገባል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ሽሽሽ ይላል፣ አያቋርጥም። አባታችን ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ነው ልብስ ሲሰፋ የኖረው፣ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ትሰሙታላችሁ። እህቴ ልጅ ሆና እግሩ ስር የምትተኛው እዛ ነበር። ስለዚህ ክንዷን "መኪናው" አለችው። በየጠዋቱ ትነካዋለች፣ "መኪናው እየሰራ ነው" ትለኛለች፣ እኔም እሺ ብዬ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ።

አምስተኛው ወር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝና "አንተ፣ መኪናው ቆሟል" አለችኝ።

ስሄድ ክንዷ ዝም ብሏል። ስነካው ልክ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ደረቅ፣ ሕይወት የሌለው። ደም ረግቶበታል። አንገቷ ላይ እንደገና ካቴተር የሚሉት ቱቦ ተሰካ፣ እሱ ደግሞ ለኢንፌክሽን በር መሆኑን የምታስታምሙ ታውቁታላችሁ። ያኔ ነው የፋብሪካ ልማዴ መጥቶብኝ "የትኛው ነበር የገባላት? የየት ሥሪት? ባች ቁጥሩ፣ ማለት በአንድ ዙር የተመረተበት መለያ፣ ስንት ነው? ሽፋን አለው የለውም?" ብዬ የጠየቅኩት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ ደክመው ለፍተው የሚሰሩ ናቸው፣ ሲስተሯ ካርዷን ገልብጣ ገልብጣ "ግራፍት ገብቷል" ከሚል ሁለት ቃል ውጪ አላገኘችም። ሣጥኑ ውስጥ የሚመጣው ተለጣፊ ስቲከር ካርዱ ላይ አልተለጠፈም። የሆነ ቦታ ተጥሏል።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጥቅል አቡጀዲ እንኳን ያለ ቁጥር አልለቀቅኩም። ገዢ ከስድስት ወር በኋላ መጥቶ ተቀደደ ቢለኝ መዝገብ ገልጬ በየትኛው ሽፍት፣ በየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ክር እንደተሰራ እነግረው ነበር። የእህቴ ክንድ ግን እንደ አቡጀዲው እንኳን ቁጥር አልነበረውም።

አሁን ግራፍቱ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ይሄ ነው በጣም የሚያስጨንቀኝ። ሆስፒታሉ ጋ አልነበረም፣ ግዙና አምጡ ተባልን። አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አስመጪ ገዛሁ፣ "ይሄኛው ውስጡ ሄፓሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ የተቀባ ነው፣ ደም አይረጋበትም" ብለው ካልተቀባው አስወድደው ሸጡልኝ። በአውቶቡስ ነው ይዤው የመጣሁት። ግንቦት ነበር። አዋሽ ለምሳ ስንወርድ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ትቼው ወረድኩ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ስመለስ የቦርሳው ዚፕ እጄን አቃጠለኝ። ከዛ ቤት ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፣ የቀዶ ጥገናው ቀን እስኪደርስ ሁለት ሳምንት እዛው ቆየ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ውጪው ብቻ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ቆርቆሮ ስር ያለውን እናንተው ገምቱት። ሣጥኑ ላይ ትንሽ የቴርሞሜትር ስዕል እንዳለ ያየሁት እህቴ ክንድ ከቆመ በኋላ ባዶውን ሣጥን ስፈልግ ነው።

ሙቀቱ ነው ያበላሸው ብዬ አልምልም። ግራፍት በብዙ ምክንያት ይዘጋል፣ ደም ግፊት ሲወርድ፣ ከማሽኑ ላይ ውሃ አብዝተው ሲጎትቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም መላሹ ጋ የተሰፋበት ቦታ ላይ ሥጋው ከውስጥ እየወፈረ መተላለፊያውን ሲያጠበው። ችግሩ ማንም ሊያጣራው አለመቻሉ ነው። ሽፋኑ እኔ ቁምሳጥን ላይ ስተወው ነው የተበላሸው ወይስ ገና ከፋብሪካው ሲወጣ ደካማ ነበር ወይስ ሽፋኑ ደህና ሆኖ የእህቴ ደም ስር ነው የጠበበው? ያ ሽፋን ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በሷ ክንድ ውስጥ ነው፣ ውጤቱ ደግሞ የትም አልተጻፈም።

ሽፋን ለምን እንዳስፈለገ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ የፈተና ታሪክ ነው። አርተር ቮርሂስ የሚባል ወጣት ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 የውሻ ልብ ውስጥ የቀረች የሐር ክር በስስ ሽፋን ተለብጣ አየ። ሰውነት ክርን እንዲህ የሚያለብሰው ከሆነ ጨርቅንስ ለምን አያለብሰውም ብሎ ለፓራሹት ከሚሰራ ቪንየን ከሚባል ጨርቅ ቱቦ ሰፍቶ ውሾች ላይ ሞከረ፣ በ1952 ከጓደኞቹ ጋር አሳተመው። ከዛ ሂውስተን ያለው ማይክል ዴቤኪ፣ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ ነው፣ ስፌት ከእናቱ የተማረ፣ ሱቅ ሄዶ ናይሎን ፈለገ፣ ናይሎን አልቋል ሲሉት ዳክሮን የሚባለውን አዲስ ጨርቅ ገዝቶ በሚስቱ የስፌት መኪና ቱቦ ሰፋ። ይሄን ሳነብ አባቴን ነው ያየሁት፣ መኪና ግርግር ላይ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ጨርቅ ሲያልፍለት። ዳክሮን ማለት እኮ ፖሊስተር ነው፣ ሱቄ ውስጥ በሜትር የምሸጠው ፖሊስተር ወንድም።

ናይሎን በዛ ቀን ሱቁ ውስጥ ባለመኖሩ ስንት ሰው እንደተረፈ አስቡት። ናይሎን እጅ ላይ ስትጎትቱት ብርቱ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጥንካሬውን እንደሚያጣ በኋላ እያስገቡ እያወጡ ሲጎትቱ ነው የታወቀው። ቴፍሎንና ዳክሮን ግን ጸኑ። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ "ዛሬ ያልተቀደደ ነገ አይቀደድም ማለት አይደለም" የሚለን አንድ አለቃ ነበረን፣ ጨርቁን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እንደገና አጥቦ ነበር የሚያስጎትተን። ትክክል ነበር።

ዳክሮኑ ግን ጨርቅ ስለሆነ ያፈስሳል። እንደ ሹራብ የተሰራው ለሰውነት ይመቻል፣ ሥጋ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ይይዘዋል፣ ነገር ግን ያው ቀዳዳ መጀመሪያ ላይ ደም ያንጠባጥባል። ድሮ ሐኪሞቹ ምን ያደርጉ ነበር መሰላችሁ፣ ከመስፋታቸው በፊት ከሰውየው ራሱ ደም ቀድተው ጨርቁን ይነክሩታል፣ ደሙ ሲረጋ ቀዳዳው ይደፈናል። የሚደማ ሰው፣ ደም ማቅጠኛ የተሰጠው ሰው ሲመጣ ግን ይሄ አይሆንም። ስለዚህ በ1980ዎቹ ጨርቁን አስቀድሞ ኮላጅን፣ ጀላቲን ወይም አልቡሚን በሚባሉ ፕሮቲኖች የመሸፈን ሥራ ተስፋፋ። ሽፋኑ ደሙን ይይዛል፣ ከዛ ሰውነት ቀስ እያለ ይበላዋል፣ እሱ ሲያልቅ የሰውየው ሥጋ በቦታው ገብቷል ነው ሐሳቡ። ይሄ ርክክብ ነው ከባዱ። ሽፋኑን የሚያስረው ኬሚካል ካነሰ ቶሎ ይታጠብና ይፈሳል፣ ከበዛ ሥጋ አይገባበትም፣ ትርፍ ኬሚካሉ ራሱም ይመርዛል። ቀለም ቤት የሰራ ሰው ይሄን በደንብ ይገባዋል፣ ማያዣው ሲያንስ ቀለሙ ይለቃል፣ ሲበዛ ጨርቁ ይደርቃል።

ለዳያሊሲስ ክንድ የሚገባው በብዛት የተዘረጋ ቴፍሎን የሚሉት ነው። ይሄም ታሪክ አለው፣ ሮበርት ጎር በ1969 የጋለ የቴፍሎን ዘንግ ቀስ ብሎ ሲስበው እየተበጠሰበት ቢያስቸግረው በድንገት ቢጎትተው ተዘረጋለት፣ በማጉያ ሲታይ እንደ ድር ሆኖ በአየር የተሞላ። ይሄኛው እንደ ዳክሮኑ አይንጠባጠብም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ለሌላ ነው፣ ደም እንዳይረጋበት ሄፓሪን ወይም ካርቦን ውስጡ ላይ ይያዛል። ቧንቧው ከ6 ሚሊሜትር ሲጠብ ሰው ሰራሽ ነገር በሙሉ ቶሎ ይዘጋል፣ ለዛ ነው ለጠባብ ደም ስር እስካሁን ከሰውየው ከራሱ እግር የሚወሰድ ደም መላሽ የሚመረጠው።

እንግዲህ ፈተናው ጋ ደረስኩ። ዓለም የተስማማበት የግራፍት መስፈርት አለ፣ አይ ኤስ ኦ 7198 ይባላል፣ ሳየው እንባዬ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም ግማሹ እኔ 17 ዓመት የሰራሁት ሥራ ነው። ቁራጩን ወጥረህ በ120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት፣ ያው የጤነኛ ሰው የላይኛው ግፊት ነው፣ ውሃ ትለቅበታለህ፣ በደቂቃ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ስንት ሚሊሊትር እንዳለፈ ትለካለህ። ሽፋን የሌለው ሹራብ ዳክሮን ከሺህ ሚሊሊትር በላይ ሊያሳልፍ ይችላል፣ በደንብ የተሸፈነው ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። የዳክሮኑ ሽፋን መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ይሄ አንድ የውሃ ፈተና በአስር ደቂቃ ይነግርሃል። ቀጥሎ ከጫፉ 2 ሚሊሜትር ገባ ብለህ በስፌት ክር ትወጋውና ትጎትታለህ፣ በስንት ኃይል እንደሚቀደድ ትጽፋለህ። ጎንበስ እያደረግክ በስንት ክብ ላይ እንደሚታጠፍ ታያለህ፣ ክንድ ውስጥ ዩ ሆኖ የሚዞር ቱቦ ከታጠፈ አለቀለት። ውስጡን ሞልተህ እስኪፈነዳ ትነፋዋለህ። ለዳያሊሲስ ከሆነ ደግሞ በመርፌ ደጋግመህ ትወጋዋለህ፣ እህቴን በየቀጠሮው ሁለት ወፍራም መርፌ ነው የሚወጓት፣ በዓመት 312 ጊዜ ማለት ነው፣ ሽፋኑ በመርፌ ሲላጥ ምን እንደሚሆን ማንም አዲስ ግራፍት ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

የደሙ ፈተና ሌላ ነው፣ 10993 በሚባለው መስፈርት ክፍል 4 ላይ ያለ። ትኩስ ደም በቱቦው ውስጥ እያዞሩ ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋ ሴል ይጣበቃል አይጣበቅም፣ ቀይ ሴል ይሰበራል አይሰበርም ይታያል። ከዛ እንስሳ ላይ ይሄዳል። እዚህ ጋ ግን አንድ የማልረሳውን ነገር ልጨምር። ውሻና በግ ውስጥ የገባ ግራፍት ውስጡ ከዳር እስከ ዳር በራሱ የደም ስር ሴል ይለበጣል፣ ሰው ውስጥ ግን ከሁለቱ ጫፍ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ገባ ይልና ይቆማል፣ መሃሉ ዓመታት ቢቆይም ባዶውን ነው የሚቀረው። ለዛ ነው እንስሳ ላይ ያበራ ሽፋን ሰው ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚደበዝዘው። የካርቦኑ ሽፋን ለእግር ደም ስር ካልተሸፈነው ጋር ሲወዳደር ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ሄፓሪኑ ለእግር እ.ኤ.አ. በ2011 ስካንዲኔቪያ ውስጥ በተሰራ ጥናት ጥቅም አሳይቷል፣ ለዳያሊሲስ ክንድ ግን በ2015 የታተመ ንጽጽር ላይ ካልተቀባው አልተሻለም። እኔ ከአስመጪው ሱቅ ስገዛ "ደም አይረጋበትም" ነው የተባልኩት። ማንም "ለእግር ነው የሰራው፣ ለክንድ አልታየም" አላለኝም፣ ብሎኝ ቢሆን ትርፉን ገንዘብ ለመድኃኒቷ አደርገው ነበር።

አሁን ምን ትፈልጋለህ ካላችሁኝ፣ አዲስ ፋብሪካ ወይም አዲስ ሕንፃ አልፈልግም። አዋጅ 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን ደህንነትና ጥራት ለባለስልጣኑ ሰጥቶታል፣ ሥልጣኑ አለ። ፈቃድ የሚሰጠው ግን ፋብሪካው የላከውን ወረቀት አይቶ ከሆነ፣ ያ ወረቀት የሚናገረው ሣጥኑ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ስለነበረው ግራፍት ነው። ከጅቡቲ ኮንቴነር ውስጥ፣ ከአዋሽ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከድሬ መጋዘን ውስጥ ስላለፈው ግራፍት አይናገርም። ፖሊስተርና ቴፍሎን ሙቀቱን ይችሉታል፣ ለነሱ አልፈራም። ጀላቲን፣ ኮላጅንና ሄፓሪን ግን የሙቀትና የእርጥበት ነገር ናቸው። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ከመፈተኑ በፊት 20 ዲግሪና 65 ከመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጥ ነበር፣ ያ ክፍል ኤሲው የተበላሸ ቀን ፈተና አይደረግም፣ በቃ ቀኑ ዝግ ነው። ለአንሶላ ይሄን ያህል ከተጠነቀቅን!

ስለዚህ እዚሁ ምሥራቁ ላይ፣ ሐረር ያለው የሐረማያ ጤና ኮሌጅ ይሁን ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይሁን ተስማምታችሁ፣ ከሚገባው ባች ጥቂት ቁራጭ የሚፈተንበት አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁ። የውሃ ግፊት መስጫ፣ የግፊት ጌጅ፣ መጎተቻ ማሽን፣ 37 ዲግሪ የሚይዝ የውሃ ገንዳ። የመጎተቻ ማሽን ያለው የጨርቅ ላብራቶሪ ብዙ ቦታ አለ፣ ባሕር ዳር ያለው የጨርቃጨርቅ ኢንስቲትዩትም ሊያግዝ ይችላል። የደሙን ፈተና እዚህ እንሥራ አልልም፣ እሱ ትልቅ ላብራቶሪ ይፈልጋል። የማፍሰሱን፣ የመቀደዱንና የመታጠፉን ግን እንችላለን፣ እኔ ብቻዬን አንድ ወጣት በሳምንት ውስጥ አሰለጥናለሁ፣ ያለ ክፍያ።

ግራፍት ውድ ነው፣ እየቀደዱ መፈተን እንዴት ይሆናል ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ። መልሱን ከአባቴ ነው ያገኘሁት። አባቴ ቁራጭ አይጥልም ነበር፣ ከኮት የተረፈው ለኪስ፣ ከኪስ የተረፈው ለቁልፍ ማቀፊያ። ለእህቴ የገባው ግራፍት ከሣጥኑ ሲወጣ 40 ሴንቲሜትር ነበር፣ ሐኪሙ ለክንዷ ልክ ቆርጦ ትርፉን ጣለው። በየቀዶ ጥገናው የሚጣለው ይሄ ቁራጭ ታካሚው ውስጥ የገባው ያው ግራፍት ነው፣ ያው ባች፣ ያው መንገድ፣ ያው ሙቀት። በንጹህ ዕቃ ይያዝ፣ የባች ቁጥሩ ይጻፍበት፣ ወደዛ ጠረጴዛ ይሂድ። ጊዜው አልፎባቸው መጋዘን ውስጥ የሚቀሩትም አሉ፣ እነሱን ከማቃጠላችሁ በፊት ስጡን፣ ግማሹን ቀዝቃዛ ክፍል ግማሹን ቆርቆሮ ስር አንድ ግንቦት አሳድረን እንለካቸው። ልዩነት ከሌለ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ ያ ቁምሳጥን ከልቤ ይወርዳል።

ከዛ ስቲከሩ። ይሄ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። ሣጥኑ ውስጥ ተለጣፊው አለ፣ አንዱ ካርዱ ላይ፣ አንዱ ታካሚው እጅ ይሁን። ግራፍቱ ሲዘጋ፣ ሲደማ፣ ሲመግል ከነቁጥሩ አንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ድሬም ሐረርም ጅጅጋም። አንድ ባች ሦስት ቦታ ከተበላሸ ያኔ ይታወቃል፣ አሁን ግን ሦስት ቤተሰብ በየቤቱ "የአላህ ሥራ ነው"፣ "የእግዜር ፈቃድ ነው" ብሎ ይቀመጣል። ሣጥኑን ታካሚው ገዝቶ ያምጣ ማለትም ይቅር። ካልቀረም ቢያንስ የሚሸጠው ሰው በምን ሙቀት እንደሚያዝ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ጽፎ ይስጥ፣ እኔ ማንበብ የምችል ሰው ሆኜ እንኳን ያቺን ትንሽ ስዕል አላየኋትም።

ደግሞ አንድ ቀን አዲስ ሽፋን እዚህ እንሞክር የሚል ይመጣል፣ መምጣቱም ጥሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ከሰው ሴል ተሠርቶ ሴሉ የታጠበለትን ቧንቧ በአደጋ ለተጎዳ ደም ስር ፈቅዳለች፣ ሥራው እየሄደ ነው። ግን ያኔ ሕመምተኛው እየተሞከረበት መሆኑን በገዛ ቋንቋው ይነገረው፣ እምቢ ቢልም ወረፋው አይነጠቅ።

እህቴ አሁን ሁለተኛ ግራፍት ገብቶላታል፣ በላይኛው ክንዷ ላይ። በዚህኛው ጊዜ ሣጥኑን በበረዶ ዕቃ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ግን በቀጥታ በረዶው ላይ እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ትክክል አድርጌ ይሁን ስህተት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ስቲከሩን ሐኪሙን ለምኜ ካርዷ ላይ አስለጠፍኩ፣ አንዱን የቤት ደብተራችን ላይ ለጠፍኩት። የተቆረጠውን ትርፍም ለምኜ ተቀበልኩ፣ 7 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ በንጹህ ፕላስቲክ አሽጌ የባች ቁጥሩን ጽፌበት ከቁምሳጥኑ አውርጄ ሱቅ ውስጥ ከታች፣ ቀዝቀዝ ያለው ሲሚንቶ ወለል ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የውሃ ግፊት የሚሰጥ ጠረጴዛ ያለው ላብራቶሪ በሩን ይክፈትልኝ፣ በዛው ቀን ይዤው እመጣለሁ።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ